ከሦስት ዓመት በኋላ ለቅሶ መድረስ ይቻላል? የጅማ ግብርና የ1992 ተመራቂዎች፣ እባካችሁ

የጂረኗ

ሰላም ለሁላችሁ። በ1991 ጅማ ግብርና ኮሌጅ ገብተን በ1992 በዲፕሎማ የወጣን ልጆች እዚህ አትጠፉም ብዬ ነው። ኮሌጅ ገብተን ዩኒቨርሲቲ ነው የወጣነው። ታኅሣሥ ላይ ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋህደን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተባልን።

እኔ ከጅማ አልወጣሁም። ወረዳ ግብርና 14 ዓመት ሠርቼ ለቀቅኩ። አሁን በግሌ ችግኝ አፈላለሁ። ቡናና አቮካዶ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰውዬ ከአጋሮ በኩል መጥቶ 300 የቡና ችግኝ ጠየቀኝ። «74110 ይሁንልኝ» አለ። ይህን የቡና ዝርያ ቁጥር ስሰማ ሁሌ ፊቴ ላይ ድቅን የምትለው የዶርሜ ልጅ ናት፣ የአጋሮዋ። «እናንተ አገር አንዲት የቡና ባለሙያ ጓደኛ አለችኝ» ብዬ ስሟን ጠራሁለት። ሰውዬው የያዘውን ችግኝ መሬት አስቀመጠ። «አልሰማሽም እንዴ? ካረፈች እኮ ሦስት ዓመት አለፋት» አለኝ።

ሦስት ዓመት። 45 ኪሎ ሜትር ላይ ቁጭ ብዬ።

ባቾቼ ታስታውሷታላችሁ። መብራት ከጠፋ በኋላ አልጋዋ ላይ ሆና የቡና ዝርያዎቹን ቁጥር የምትወርድብን እሷ ነበረች። 741፣ 744፣ 7440፣ 74110፣ 74112፣ 74140… መጀመሪያ ላይ ያለው 74 እናት ዛፎቹ የተመረጡበት የፈረንጆቹ ዓመት ምልክት መሆኑን ከአስተማሪ ቀድማ የነገረችን እሷ ናት። ሲቢዲ የሚሉት የቡና ፍሬ በሽታ በ1963 ዓ.ም. አገራችን ሲገባ ፍሬውን በአረንጓዴነቱ ያጠቁረው ነበር። የአያቷ ማሳ የሄደው በዚያ በሽታ ነው። እነዚህ ዝርያዎች በሽታውን ስለሚቋቋሙ ቁጥራቸውን እንደ ዘመድ ስም ነበር የምትጠራው።

እናቷ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በመኪና ጭኮ ይልኩልን ነበር፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ በወተት ጣሳ። ዶርም ውስጥ ስምንት ነበርን። ብርድ ሲሆን ቅቤው ይረጋና ማንኪያ አይበግረውም። እኔ በብረት ማስመሪያ እየቆረጥኩ ለስምንት አካፍል ነበር። እሳቸውን ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፣ የምርቃት ቀን።

አሁን ጥያቄዬ። ቤተሰቡ አጋሮ የለም አሉኝ። እናቷ የት እንዳሉ የሚያውቅ አለ? ደግሞስ፣ ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ሄዶ ለቅሶ መድረስ ቁስል መቀስቀስ ይሆንባቸው ይሆን? ምን ይዤ ልሂድ? ሌሎቻችሁስ የት ናችሁ? የማን መርዶ እንዳመለጠኝ ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ።

መልኮ ሰፈር

አንቺ ነሽ? ማስመሪያው ላይ ስደርስ ነው ያወቅኩሽ። እኔ ከዚያ ጣሳ በመስኮት የምለምነው ልጅ ነኝ።

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅሽ። ቀብሯ ላይ ነበርኩ። ሕመሙ ስድስት ወር አልሞላም። ጠዋት አረፈች፣ ከሰዓት ተቀበረች። ከባቹ የደረስነው አራት ብቻ ነን። ያንቺ ስልክ አልሠራ አለን። ከዚያ በኋላ ጅማ ስመላለስ ችግኝ ጣቢያሽን መፈለግ ነበረብኝ። ዛሬ ነገ ስል ቀረሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን ይህን ስሚኝ፦ ገበሬዎቹ ቡትስ እንዳጠለቁ ከማሳ ነው የመጡት። መንገዱ ሞልቶ ነበር። እንደዚያ የተሸኘ የወረዳ ባለሙያ እኔ አላየሁም።

ስለ ሌሎቹ። የክፍል ተጠሪያችን በበቃ ቡና እርሻ ብዙ ዓመት ሠርቶ አሁን ዝዋይ አበባ እርሻ ላይ ነው። ሦስት ልጆች አሉት፣ የመጨረሻዎቹ መንታ ናቸው። የጎጃሙ ልጅ ቡና ቀማሽ ሆኗል። ትንሽ ጉንፋን ሲይዘው ሥራ እንደማይገባ ሲነግረኝ ገረመኝ። አፍንጫው ነው እንጀራው። የሐረሯ ልጅ ሙያውን ትታ አዲስ አበባ አየር ጤና ሱቅ ከፍታለች፣ ደህና ናት። እኔ እዚያው ጅማ መልኮ፣ የግብርና ምርምር ማዕከሉ አጠገብ ቤት ሠርቻለሁ። ትልቋ ልጄ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፣ ሐዋሳ።

የእናቷን አድራሻ ግን እኔም አላውቅም።

ላይኛው አልጋ

ከሚኒሶታ ነው የምጽፈው። የእሷ አልጋ ከሥሬ ነበር። እዚህ ከመጣሁ 16 ዓመቴ ነው። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ማታ እሠራለሁ። ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ፣ አማርኛ ይሰማሉ ግን አይመልሱም።

እኔም አሁን ገና መስማቴ ነው። እረፍት ሰዓቴ ላይ አንብቤው ኮሪደር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። አንዲት የማስታምማት አሮጊት እጄን ይዛ «ማን ሞተብሽ?» አለችኝ። «እህቴ» አልኳት።

እባክሽ ካገኘሻቸው የእኔንም ድርሻ ይዘሽልኝ ግቢ። ገንዘቡን ዛሬውኑ እልካለሁ። ስሜን ጥሪላቸው።

የአጋሮ ልጅ

ይቅርታ፣ እኔ የእናንተ ባች አይደለሁም። ሟቿን ግን አውቃቸዋለሁ። የአባቴን ያረጀ ቡና ከሥር አስጎንድለው እንደገና ያስያዙት እሳቸው ናቸው። አባቴ መጀመሪያ «ዛፌን ገደለችብኝ» ብሎ ኩርፊያ ይዞ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ሲለቀም ግን የመጀመሪያውን ጀበና የጠጣው እሳቸውን አስጠርቶ ነው።

እናታቸው የአጋሮውን ቤት አከራይተው እዚያው ጅማ ታናሽ ልጃቸው ጋ ነው ያሉት። ስልክ እዚህ መለጠፍ ደስ አይለኝም። ለጠያቂዋ በውስጥ መስመር ልኬያለሁ።

መሄድዎን አይፍሩ። በእኛ በሙስሊሞች ተዕዚያ፣ ለቅሶ መድረሱ ማለት ነው፣ ሦስት ቀን ነው ይባላል፣ ያልሰማ ሰው ግን በሰማ ጊዜ ይመጣል። ቀድመው ለልጃቸው ይደውሉ፣ ድንገት አይግቡባቸው። እየጮኹ አይግቡ። «አላህ ይርሐማት፣ ሶብሩን ይስጥዎት» ካሉ ይበቃል። ስኳርና ቡና ቢይዙ ጥሩ ነው። ልጅ ጥላለች፣ 11ኛ ክፍል ናት፣ ከአያቷ ጋር ነው የምትኖረው።

የጂረኗ

ጅማ! እኔ ችግኝ ጭኜ በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ።

ትናንት ሄድን፣ እኔና የመልኮው ልጅ። የላይኛው አልጋንም ስም ጠርቻለሁ፣ ስኳሩ በእሷ ስም ነው የገባው። እማማ ዓይናቸው ደክሟል። በር ላይ ሆኜ ማንነቴን ስናገር ዝም አሉ። ከዚያ እጄን ይዘው ጣቶቼን እየዳበሱ «ማንኛዋ ነሽ? ጭኮውን በማስመሪያ የምትቆርጠው?» አሉኝ። ልጃቸው ሁሉንም ነግራቸው ኖሯል። ስማችንን አያውቁም፣ ሥራችንን ነው የሚያውቁት። «በመስኮት የሚለምነውስ?» ሲሉ የመልኮው ልጅ አንገቱን ደፋ።

የልጅ ልጃቸው ቡና አፈላችልን። ቁመናዋ ቁርጥ እናቷ። አጋሮ ያለችው ትንሽ ማሳ ክፍት ቦታ እንዳላት ነገረችኝ። ዝናቡ ሳያልፍ ቅዳሜ 60 ችግኝ ይዤ እሄዳለሁ። ጉድጓዱን የሚቆፍር ሰው ያስፈልጋል። ጅማና አጋሮ አካባቢ ያላችሁ፣ ማን ይመጣል?