አያቴ ከየትኛው ቃኘው ጋር ኮሪያ እንደዘመቱ እንዴት ልወቅ?

የአያቴ ሙት ዓመት ኅዳር ላይ ነው። የሕይወት ታሪካቸውን የመጻፍ ሥራ ለእኔ ደረሰ። የቤቱን ክፍል ጨርሻለሁ፤ እሱ አላስቸገረኝም። ቅዳሜ ማታ የሰባቱን ልጆቻቸውን ጫማ በቁመት ደርድረው ቀለም ይቀቡ ነበር፤ ተረከዙን ሳያዩ አያልፉም። የተቸገርኩት በኮሪያው ክፍል ነው፤ ቃኘው ተብለው ወደ ኮሪያ ጦርነት በየተራ ከተላኩት የኢትዮጵያ ሻለቆች በየትኛው እንደነበሩ አላውቅም።

በእጄ ያለው አንድ ፎቶግራፍና የወታደር መለያ ቁጥራቸው ብቻ ነው። በረዶ ላይ ቆመው የተነሱት ነው፤ ከጀርባው በእርሳስ «ጥር 194» ይላል፤ የመጨረሻዋ አኃዝ ተፍቃለች። 1944 ከሆነ አንደኛው ቃኘው፣ 1945 ከሆነ ሁለተኛው፣ 1946 ከሆነ ሦስተኛው፣ 1947 ከሆነ ደግሞ ተኩስ ከቆመ በኋላ የሄደው አራተኛው ማለት ነው። ሴት አያቴ «ተኩስ ከቆመ በኋላ ነው የሄደው» ይላሉ፤ ታላቅ አጎቴ ደግሞ ስለ ውጊያው ሲያወሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ ብሎ ይምላል።

ትከሻቸው ላይ ያለውን የአሸዋ ሰዓት የመሰለ ምልክት አጉልቼ አየሁት። የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ነው፤ የተዋጉት ሦስቱም ሻለቆች በእሱ ሥር ስለነበሩ አይለይልኝም። መዝገብ ፍለጋ ሁለት ቢሮ ሄጄ ነበር፤ አንዱ ወደ ሌላው ላከኝ፣ ሌላውም ወደ መጀመሪያው መለሰኝ። አብረዋቸው የዘመቱ ጓደኞቻቸውም አልፈዋል።

በግምት ጽፌ ሕዝብ ፊት ማንበብ አልፈልግም። በመለያ ቁጥሩ ወይም በፎቶግራፉ ላይ ካለው አለባበስ፣ አንድ ወታደር ከየትኛው ቃኘው ጋር እንደዘመተ በምን ይለያል?