አሮጌውን አስፋልት ከሲሚንቶ ጋር ፈጭቶ ማንጠፍ፦ የሚያዋጣ ነገር ነው?

ጎሚስታው (አዳማ)

አዳማ ውስጥ ጎማ እጠግናለሁ። መንገድ ሲበላሽ የምጠቀም ሰው መሆኔን አልክድም፤ በራፌ ላይ ያለው ጉድጓድ ለልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ያዋጣውን እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን ግን መረረኝ። ይህ መንገድ ጉድጓዱ ሦስት ጊዜ ተደፍኗል፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ በአሮጌው ላይ አዲስ አስፋልት ተደርቦበታል። በተደረበ ቁጥር መንገዱ ከፍ፣ ሱቄ ዝቅ እያለ ሄዶ ዛሬ ወደ ሥራ ቦታዬ የምገባው አንድ ደረጃ ወርጄ ነው። ባለፈው ሐምሌ ጎርፉ ሲገባ ኮምፕረሰሩን በብሎኬት ላይ ሰቅዬ ሠርቻለሁ።

ሰሞኑን በሰፈራችን ስብሰባ አንድ መሐንዲስ፣ አስፋልቱን ከሥሩ ካለው ጠጠር ጋር በማሽን ፈጭተው፣ ሲሚንቶና ውኃ ቀላቅለው እዚያው እንደሚያነጥፉት ነገረን። ብልሃት ነው ወይስ ወጪ ማምለጫ? የሱቄን ወለል በሲሚንቶ ያስነጠፍሁት ዓመት ሳይሞላው ተሰነጣጥቋል። 30 ቶን የጫነ መኪና የሚረግጠው መንገድ እንዴት ሊተርፍ ነው? ደግሞስ መንገዱ አሁንም ከፍ ሊልብኝ ነው?

የአፈር ላቦራቶሪ ቴክኒሻን

ጋሼ፣ ከከፍታው ልጀምር። የእርስዎ ትልቁ ጥቅም እዚያ ላይ ነው። ሲደረብ የተበላሸው ነገር እንዳለ ከሥር ይቀራል፤ በበሰበሰ ማገር ላይ አዲስ ቆርቆሮ እንደ መምታት ነው። አስፋልቱ እንደ አዞ ቆዳ ከተሰነጣጠቀ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የደከመው ከሥሩ ያለው የጠጠር ንጣፍ ነው። በዚህ ዘዴ ግን ማሽኑ ከ15 እስከ 30 ሳንቲሜትር ድረስ ወርዶ ሁሉንም ይፈጨዋል። የተፈጨው መጠኑ ስለሚጨምር ትርፉን ግሬደር ቆርጦ ያነሣዋል፣ ከዚያ አዲሱ አስፋልት በላዩ ይመጣል። ስለዚህ በስብሰባው ላይ አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው ይጠይቁ፦ የመጨረሻው ከፍታ ከአሁኑ በስንት ሳንቲሜትር ይለያል? ቁጥሩን ካልነገሩዎት ገና አልወሰኑም ማለት ነው።

ወደ ስንጥቁ ስመጣ፣ ይህ እንደ ወለልዎ ኮንክሪት አይደለም። ኮንክሪት ውስጥ ሲሚንቶው ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይሆናል፤ እዚህ ከ3 እስከ 6 በመቶ ነው። 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት ይዘን በ4 በመቶ ብናሰላ፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚፈሰው ወደ 17 ኪሎ ነው። አንድ የ50 ኪሎ ከረጢት ለሦስት ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። ሰባት ሜትር ስፋት ላለው አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ደግሞ 1,200 ኩንታል ያህል ይበላል። ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ሲሚንቶው የአገር ውስጥ ነው፣ ሬንጁ የሚገባው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ከካባ የሚመላለሰው የጠጠር መኪናም ይቀንሳል።

ደግሞ «ሲሚንቶ ጨምሩበት» የሚል ሰው ከተነሣ አይደግፉት። ጥንካሬው በሰባት ቀን ከ2 እስከ 3 ሜጋፓስካል (ጭነት የመቻል አቅም መለኪያ ነው) ከደረሰ ይበቃዋል። ከዚያ ካለፈ ድርቅ ይላል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ስንጥቁም አስፋልቱን ሰንጥቆ ወደ ላይ ይወጣል። የወለልዎም ነገር ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ ግንበኛው ውኃ አብዝቶ፣ ከዚያም ውኃ ሳያጠጣ ትቶት ይሆናል።

የአዳማ ነገር ግን ነፋሷ ነው። የነፋስ ተርባይን የተተከለባት ከተማ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ደረቅ ሲሚንቶ የሚረጭ ሰው ካዩ፣ ገንዘባችሁ ወደ ሶደሬ እየበረረ ነው። በማለዳ መሥራት ወይም በውኃ አቅጥኖ ማፍሰስ ይሻላል።

ግሬደር ኦፕሬተር፣ ጡረተኛ

ቴክኒሻኑ ያልነገረህ ቦቴውን ነው። ሲሚንቶው ውኃ ከነካ በኋላ ቀላቅሎ፣ አስተካክሎ፣ በሮለር ረግጦ ለመጨረስ ያለህ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ ብትረግጠው የያዘውን ማላላት ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ቦቴው ውኃ ሊቀዳ ሄዶ ቀረብን። ሹፌሩ ምሳ እየበላ ነበር አሉ። 80 ሜትር ያህል ግማሹ እርጥብ፣ ግማሹ ዱቄት ሆኖ አደረ፤ በማግስቱ እንደገና ፈጨነው፣ ሲሚንቶውም እንደገና ተገዛ። አለቃው እኔን ተቆጣኝ፤ እኔ ግሬደር ነው የምነዳው እንጂ ምንጭ አላፈልቅም።

ሌላው፣ ማሽኑ የሚያልፍበትን ቧንቧ አስቀድመው ይወቁ። የተፈጨው መንገድ ጠንክሮ ካበቃ በኋላ የውኃ መስመር ለመቅበር የሚቆፍሩ ሰዎች ከመጡ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው። እኔ እያየሁ አዲስ አስፋልት በሦስተኛው ሳምንት ተቆፍሯል።

ከሐዋሳ

አፈሩን ሳይመረምሩ «በመቶ ይህን ያህል» ካሉ አትመኑ። ከጠጠሩ ሥር ያለው ውኃ ሲያገኝ የሚያብጥ ጥቁር አፈር ከሆነና ማሽኑ ያንን ከቀላቀለው፣ ለዚያ ዓይነቱ ኖራ ከሲሚንቶ ይሻላል። የእኛ ከተማ ደግሞ ፐሚስ የሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይበዛበታል፤ ቀላልና ውኃ ጠጪ ስለሆነ የውኃው ልክ ከሌላው ጠጠር የተለየ ነው።

የስንጥቁን ፍርሃት የሚቀንስ አንድ ዘዴም አለ። ከተነጠፈ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቆይቶ፣ አስፋልቱ ሳይለብስ፣ የሚንቀጠቀጠው ሮለር በላዩ ቀስ ብሎ ይመላለስበታል። ብዙ ጥቃቅን፣ ፀጉር መሰል ስንጥቆች ይፈጠራሉ፣ አንድ ሰፊ ስንጥቅ አይወጣም። የሰፈሩ ሰው ይህን ሲያይ «አዲሱን መንገድ ሰበሩት» ብሎ ሊጮህ ስለሚችል ቀድማችሁ ንገሩት።

የአፈር ላቦራቶሪ ቴክኒሻን

ትክክል። ጋሼ፣ ሲሚንቶው እስከ ታች መድረሱን በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ፣ ባለሙያው ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሮ ግድግዳው ላይ ፌኖልፍታሊን የሚባል ፈሳሽ ሲረጭ ጠጋ ይበሉ። ሲሚንቶ የነካው ሁሉ ወደ ደማቅ ሐምራዊ ይለወጣል። ቀለሙ እስከ ስንት ሳንቲሜትር እንደወረደ በሜትር ያስለኩ። እና የጎርፍ መውረጃው ቦይ ካልተጠረገ ሲሚንቶም አያድንም።

ጎሚስታው (አዳማ)

አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ጠዋት ልጁን ሜትር አስይዤ ለካን፦ ከደጄ ደፍ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ 19 ሳንቲሜትር። በሚስማር ምልክት አድርጌበታለሁ፤ ለስብሰባው ፎቶውን ይዤ እሄዳለሁ። ቦዩን ደግሞ ከፍቼ ሳየው ግማሹ ደለል ነው፣ ግማሹ የእኔው አሮጌ ጎማ።