35 አምፔር የሚችል የባትሪ ማያያዣ ቸግሮኛል
ሐዋሳ ሐይቅ ላይ የምነዳት፣ በሬዲዮ መቆጣጠሪያ የምትሠራ ትንሽ ጀልባ አለችኝ። ባትሪዋ ባለ 3 ሴል ሊቲየም ፖሊመር፣ 11.1 ቮልት ነው፤ ሞተሩ በሙሉ ፍጥነት 35 አምፔር ገደማ ይስባል። መጀመሪያ ከአሮጌ ላፕቶፕ ቻርጀር የቆረጥኩትን ክብ ሶኬት ገጠምኩ። ለጥቂት አምፔር ብቻ የተሠራ መሆኑን የተረዳሁት ፕላስቲኩ ከቀለጠ በኋላ ነው። ነጩ የታሚያ ማያያዣም አምስት ደቂቃ አልቆየም፤ ጀልባዋ በአሣ አጥማጅ ታንኳ ተጎትታ ስትመለስ የአሞራ ገደል ልጆች መሳለቂያ አደረጉኝ። አሁን ከአንድ ጥገና ቤት ቢጫውን ኤክስቲ 60 እና ቀዩን ቲ ማያያዣ አግኝቻለሁ፤ ከእያንዳንዳቸው አንድ ጥንድ ብቻ ስለሆነ በሙከራ የማባክነው የለኝም። ሽቦዬ ወፍራም፣ የሊድ መበየጃዬ ደግሞ ባለ 30 ዋት ብቻ ነው። ከሁለቱ በዚህ መበየጃ በደንብ ተበይዶ 35 አምፔሩን ሳይግል የሚያሳልፍልኝ የትኛው ነው?