«ፒክ አፕ» ስንት ትርጉም አለው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት በጀልባ የሚሻገሩ እንግዶችን አስጎበኛለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እንግዳ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ «ፒክ አፕ» አለች፦ ጠዋት ከሆቴሏ እንድንወስዳት ስትጠይቅ፣ ቀጥላ ጥቂት አማርኛ ከሰው ሰምታ እንደለመደች ስትነግረኝ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሐይቁ ላይ ነፋስ እየበረታ መሆኑን ስታሳስበኝ። እኔ የማውቀው ትርጉም «አነሣ» የሚለውን ብቻ ስለነበር፣ በመጨረሻው ላይ የወደቀ ዕቃ ፍለጋ ጎንበስ አልሁ። ከትንንሽ ቃላት ጋር ተጣምረው ትርጉማቸው የሚለዋወጠውን፣ ፍሬዛል ቨርብ የሚባሉትን እነዚህን የእንግሊዝኛ ግሶች ከመሸምደድ ሌላ መላ ይኖራቸዋል?

መልስ፦
የእኛም «ተነሣ» እኮ ከዚህ አይሻልም። ሰው ከእንቅልፉ ይነሣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ነፋስ ይነሣል፣ በስብሰባ ላይ ጉዳይ ይነሣል፤ ሆኖም የተነሣውን አብረን ስለምንሰማ ማናችንም አንደናገርም። በእንግሊዝኛውም ግሱን ነጥለው ሳይሆን ከባለቤቱና ከተሳቢው ጋር ይመልከቱት። «ፒክ አፕ» ተሳቢው ሰው ሲሆን ብዙውን ጊዜ ሄዶ መውሰድ ነው፤ ቋንቋ ሲሆን እግረ መንገድን መልመድ ነው፤ ባለቤቱ ነፋስ ሆኖ ተሳቢ ከሌለው መበርታት ነው። «ቴክ ኦፍ»ም እንዲሁ ነው፦ በኡራ ኪዳነ ምሕረት ደጃፍ ለእንግዶችዎ ስለ ጫማ ሲናገሩ ማውለቅ ይሆናል፤ ባለቤቱ አውሮፕላን ሲሆን ግን ያው የእኛው «ተነሣ» ነው።

ሌላ መልስ፦
ሐሳቡ ጥሩ ቢሆንም ሁልጊዜ አይሠራም። «ፑት አፕ» ሰውን ቤት ማሳደር ሲሆን፣ «ዊዝ» ሲጨመርበት ያንኑ ሰው ችሎ መታገሥ ይሆናል። ተሳቢው በሁለቱም ሰው ነው፤ አንዲቷን ቃል በስሕተት የጨመረ ግን ያሳደረውን ባለውለታውን ቅር ያሰኛል። ስለዚህ ከግሱ ኋላ የሚመጡትን ትንንሽ ቃላት እስከ መጨረሻው ይስሙ።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ምክራችሁን ትናንት ሞከርሁት። አንዲት እናት በጀልባው የኋላ ወንበር ስለተቀመጡት ባለቤታቸው «ሂ ድሮፕድ ኦፍ» ሲሉኝ ሰውየው ሐይቅ የገቡ መስሎኝ ደነገጥሁ። ወዲያው ግን የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት የሴትዮዋ ባለቤት፣ ተሳቢውም የሌለ መሆኑን አስተውዬ ዞር ስል፣ ሰውየው አንገታቸውን ደፍተው ያንኮራፋሉ።