የወፍጮና የአለት ምስል ፎቶ ለምን ጠፍጣፋ ይሆንብኛል?

ሐረጎ፦ የምኖረው ደሴ ነው። እሑድ እሑድ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ኮምቦልቻና ወደ ሐይቅ አቅጣጫ ባሉ ገጠሮች በእግር ስንዘዋወር የሰው እጅ ያረፈበት ድንጋይ ሁሉ ዓይኔን ይስበዋል። ከካብ መሐል የገባ አሮጌ መጅ (በወፍጮ ላይ እህል የሚፈጭበት የእጅ ድንጋይ)፣ በደጅ የተጣለ የድንጋይ ሙቀጫ፣ በአንድ ቤት ደግሞ ዶሮዎች ውኃ የሚጠጡበት፣ መሐሉ እንደ ኮርቻ የጎደጎደ ወፍጮ አይቻለሁ። ችግሬ ግን በዓይኔ ጎልቶ የሚታየኝ ጉድጓድና የውቅር ምልክት (ወፍጮው እንዲሻክር በድንጋይ የተመታበት ነጠብጣብ) በስልኬ ሳነሣው ጠፍቶ አንድ ወጥ ግራጫ ድንጋይ ብቻ መቅረቱ ነው። ካሜራ ልግዛ ወይስ ስሕተቱ የእኔ ነው?

ጥላና ብርሃን፦ ገንዘብዎን አያውጡ፤ በመጀመሪያ ያነሡበትን ሰዓት ይንገሩን። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀትር በኋላ 9 ሰዓት ከሆነ፣ ፀሐይዋ ከአናት ስለምትወርድ ጉድጓዱም ጉብታውም እኩል ይበራና ቅርጹን የሚያሳየው ጥላ ይጠፋል። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ወይም ከምሽቱ በፊት 11 ሰዓት ላይ ግን ብርሃኑ የድንጋዩን ፊት በአግድም ገርፎ ስለሚያልፍ፣ የጥፍር ያህል ጥልቀት ያለው ጭረት እንኳ የራሱን ጥላ ይጥላል። በአክሱም አቅራቢያ በጎበድራ አለት ላይ የተቀረጸችው አንበሳም በተሳሳተ ሰዓት ለሄደ ሰው ከአለቱ ጋር ተመሳስላ ታመልጠዋለች።

በቀትር ማንሣት ግድ ከሆነ አንድ ጓደኛዎ ድንጋዩን በጃንጥላ ያጥላው፤ ሌላው ደግሞ ራቅ ብሎ በተራ የፊት መስተዋት ፀሐይን ከጎን ወደ ድንጋዩ ይመልስ። ጥላው ከመጠን በላይ ከጠቆረ በተቃራኒው በኩል ነጠላ ቢዘረጋ ይለሰልሳል። የስልኩን ፍላሽ ግን ይዝጉ፤ ከፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን የቀትሯን ፀሐይ ጥፋት ይደግመዋልና። የክረምት ጉምም እንዲሁ ነው፤ ደሴዎች ይህን ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ።

የቦሩ ሜዳ ልጅ፦ ወንድሜ ስለ ብርሃን የተናገረው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ መጠንና ስለ ቦታ ነው። ከድንጋዩ አጠገብ ማስመሪያ ሳይቀመጥ የተነሣ ፎቶ መጁን ከወፍጮው አያስለይም። ከቅርብ ካነሡ በኋላ ራቅ ብለው ቤቱን ወይም ካቡን ጨምረው ይድገሙት፤ የመንደሩን ስምና ቀኑንም ያኔውኑ ይጻፉ። ጭረቱ እንዲጎላ ብለው ጠመኔ አይቀቡ፣ በሽቦ ብሩሽም አይፈግፍጉ።

ጽሑፍ ወይም ምስል ያለበት ጥንታዊ ነገር በአጋጣሚ ካገኙ ደግሞ ባለበት ይተዉት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያገኘው ሰው እንዲያሳውቅና እንዳይነካ ጠብቆ እንዲያቆይ ያዛል፤ ለእኛ ቅርቡ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው። ትክክለኛ ቦታውን በአደባባይ አይለጥፉ፤ ቅርስ ሻጭ ከእርስዎ ቀድሞ ይደርሳል። የመቃብር ድንጋይ ከሆነ፣ የመስጊድም ሆነ የቤተ ክርስቲያን፣ ሽማግሌ ሳይጠይቁ ካሜራ አያውጡ።

ሐረጎ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለፈው እሑድ ዶሮዎቹ ወደሚጠጡበት ወፍጮ በማለዳ ተመለስኩና እማማን አስፈቅጄ፣ ውኃውን ደፍቼ፣ ከጎን በመጣው ብርሃን አነሣሁት። የውቅሩ ነጠብጣብ አንድ በአንድ የሚቆጠር ሆኖ ወጣ፤ ነገር ግን የተወቀረው የላይኛው ግማሽ ብቻ ነበር፣ ታችኛው ልሙጥ ነው። ፎቶውን ለእማማ ሳሳያቸው ሳቁ። እየወቀሩት ሳለ የሞተር ወፍጮ ወደ መንደሩ መግባቱን ሰምተው የሚወቅሩበትን ድንጋይ ከእጃቸው እንደጣሉትና ከዚያ ወዲህ እንዳልተመለሱበት ነገሩኝ።