ሰርጉ ከተዋዋልንበት ሰዓት ሲያልፍ ተጨማሪ ሂሳብ እንዴት ትጠይቃላችሁ?

ሰላም ለሁላችሁ። የሰርግ ፎቶ አንሺ ነኝ፤ የምሰራው ደሴ ነው። ባለፈው ሚያዝያ አንድ ሰርግ ይዤ ነበር። ውላችን ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ሙሽሮቹ ሐይቅ ዳር መነሳት ፈለጉ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ 8 ሰዓት ላይ መውጣት ነበረብን። ሜካፑ አላለቀም፣ መኪናው አበባ አልተደረገለትም ሲባል 10 ሰዓት ተኩል ሆነ። ስንደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ደሴ ስንመለስ ኬኩ ገና አልተቆረሰም።

ትቼ ብሄድ የሚያነሳ የለም። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ቆየሁ። የሙሽራዋ እናት ልጃቸውን አቅፈው ሲያለቅሱ ሁለተኛው ባትሪዬ ቀይ እያበራ ነበር። ያችን ፎቶ ያገኘኋት በመጨረሻዋ ጭላጭ ነው።

አልበሙን ሲረከቡ የሦስት ሰዓት ተኩሉን ስጠይቅ፣ የሙሽራው አጎት «አንተ እኮ ልጃችን ነህ፤ ከልጅ ጋር ሰዓት ይቆጠራል?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ረዳቴን ከኪሴ ከፈልኩ። እዚህ ሁሉም ይተዋወቃል፤ ገንዘብ ወዳድ መባል አልፈልግም። በነጻ መስራቱ ግን መሮኛል። እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?

ከኮምቦልቻ
አብሽር ወንድሜ፣ እኔም ደርሶብኛል። የተሳሳትከው አልበም ስታስረክብ መጠየቅህ ላይ ነው። ሰርግ ካለፈ በኋላ ሰው የሚታየው ዕዳው ብቻ ነው። እኔ ቀብድ ስቀበል እነግራቸዋለሁ። ማብቂያ ሰዓቱና የተጨማሪ ሰዓት ዋጋው ውሉ ላይ ይጻፋል። «ቀጥል» ማለት የሚችል አንድ ሰው ያስመዘግባሉ፤ ብዙ ጊዜ አንደኛ ሚዜው ነው። ሰዓቱ ሊሞላ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ጠጋ ብዬ እጠይቀዋለሁ። ሙሽሮቹን በዚያ ቀን ስለ ብር አላናግራቸውም።

ሕግ የተማርኩ ነኝ
የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የትርፍ ሰዓት ክፍያ አንተንና ደንበኛህን አይመለከትም። አንተ ተቀጣሪያቸው አይደለህም፤ የሚገዛችሁ ውላችሁ ነው። ረዳትህ በደመወዝ የተቀጠረ ከሆነ ግን ይመለከትሃል። ትርፍ ሰዓቱ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በአንድ ከግማሽ ይባዛል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ደግሞ በ1.75። በሳምንት ዕረፍቱ ቀን እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ከግማሽ ነው። ዋጋህን ስታወጣ ይህን አስበህ አውጣ።

ወልድያ ነኝ
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሰዓቱን ማን እንዳሳለፈ እይ። እኔ ዘግይቼ ከሆነ የኔን እሞላለሁ እንጂ አላስከፍልም። ለግማሽ ሰዓትም አልጠይቅም። ሽማግሌ እየመረቀ ሰዓት ማየት ነውር ነው፤ ምርቃቱ እስኪያልቅ አነሳለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ሥራ ነው፣ ይከፈላል። አጎትየውም የዲኮሩንና የድምፁን ሰዎች «ልጃችን» ብለው አልሸኟቸውም።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ። እሑድ ኒካህ አለኝ፤ ውሉን ዛሬ ማታ አስተካክላለሁ። በሰዓት 1,500 ብር ብዬ እጽፋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ የሐይቅ መንገድ ይቆጠራል?

ከኮምቦልቻ
ይቆጠራል እንጂ! ከስቱዲዮህ ከወጣህ ጀምሮ ሥራ ላይ ነህ። እሱንም ጻፈው።