ሱፐርቻርጀር የተገጠመለት ቢዩክ ደጋ ላይ ደህና፣ ቆላ ሲወርድ ግን ያንኳኳል፦ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው ወይስ የዕቃው?

የሬጋል ባለቤት (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ሲሆን መኪናዬ የ2001 ቢዩክ ሬጋል ኤልኤስ ነው። ሞተሩ ሱፐርቻርጀር (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ባለ 3.8 ሊትር ኤል36 ነበር። ባለፈው የበረዶ ወራት ከአንድ የተጋጨ ፖንቲያክ ግራንድ ፕሪ ጂቲፒ ላይ ሱፐርቻርጀር ያለውን የኤል67 ሞተር የላይኛውን ክፍል፣ ማለትም ኢተን ኤም90 ሱፐርቻርጀሩን፣ ሁለቱን ቴስታታዎች፣ የነዳጅ ማከፋፈያ ቱቦውን፣ የፊት ፑሊውንና ቺንጋውን ፈትቼ በራሴ ሞተር ላይ ገጠምኩ። ብሎኩና ፒስተኖቹ የቀድሞዎቹ ናቸው። ኮምፒውተሩም የራሱ ነው፤ ፕሮግራሙን ግን በፖስታ ልኬ አስቀይሬዋለሁ።

አውሮራ ውስጥ ለሦስት ወር ያህል ያለ አንዳች ችግር ነድቼዋለሁ። ለሰርግ ወደ ዳላስ ስንወርድ ግን ፔዳሉን እስከ ወለሉ በረገጥኩ ቁጥር ጠጠር የተጨመረበት ጣሳ ሲወዘወዝ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ያሰማ ጀመር። ስካነር ሳስገባ ኮምፒውተሩ የእሳቱን ጊዜ (ካንዴላው የሚተኩስበትን) 9 ዲግሪ ወደ ኋላ እንደሚጎትት አየሁ። የቼክ ኢንጂን መብራት አልበራም፤ የነዳጅ ማረሚያውም (ኮምፒውተሩ በኦክስጅን ሴንሰሩ ንባብ ነዳጁን የሚያስተካክልበት መጠን) በሚኒሞም ሆነ ረጋ ብዬ ስነዳ ከ3 በመቶ አያልፍም። ቤንዚኑ እንዳይሆን ደግሞ ኮሎራዶ ውስጥ 91፣ ቴክሳስ ውስጥ 93 ኦክቴን ነው የሞላሁት። አንድ ጓደኛዬ የጂቲፒውን ኮምፒውተር ገዝቼ እንድገጥም መክሮኛል። ይሻለኛል ትላላችሁ?

ቴስታታ

ወንድሜ፣ ኮምፒውተር ለመግዛት አይቸኩሉ። የተሻለ ኦክቴን ሞልተው የባሰ ማንኳኳቱ ራሱ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ የተለወጠው አየሩ ነውና። አውሮራ ከባሕር ወለል በላይ 1,650 ሜትር አካባቢ ስትሆን የአየሩ ግፊት ወደ 12 ፒኤስአይ ይጠጋል፤ ዳላስ ግን 14.5 አካባቢ ነው። ሱፐርቻርጀሩ ያገኘውን አየር በተወሰነ እጥፍ የሚያበዛ እንጂ ከራሱ የሚፈጥር ስላልሆነ፣ ዳላስ ሲደርሱ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር በ20 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ነዳጁም በዚያው ልክ መጨመር አለበት። ካልጨመረ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሲሊንደሩ ይግላል፣ ያንኳኳልም።

መብራቱ ያልበራበት ምክንያት ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ ኮምፒውተሩ የኦክስጅን ሴንሰሩን ማዳመጥ አቁሞ በፕሮግራሙ ውስጥ በተጻፈለት ሰንጠረዥ ብቻ ስለሚሠራ ነው። ስለዚህ ማረሚያው ደህና መሆኑ በሙሉ ኃይል ጊዜ ስላለው ሁኔታ ምንም አይነግርዎትም።

የእኔ ጥርጣሬ ቤንዚኑን በሚረጩት ኢንጀክተሮች ላይ ነው። ኤል67 በሰዓት 36 ፓውንድ የሚረጭ ኢንጀክተር ሲኖረው፣ የኤል36 ግን 22 አካባቢ ነው። አሁን አውሮራ ከሆኑ በ5,000 ዙር ፔዳሉን ረግጠው ኢንጀክተሩ ስንት ሚሊሰከንድ ክፍት እንደሚሆን ያንብቡልን። በዚህ ፍጥነት ሞተሩ ሁለት ዙር የሚጨርሰው በ24 ሚሊሰከንድ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ የሚከፈትበት ጊዜ የለም። የኢንጀክተሮቹንም የክፍል ቁጥር ከአካላቸው ላይ ይመልከቱ።

የካምቢዮ ሰው

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ስለ ጂቲፒው ኮምፒውተር ግን ልጨምር። ያ ኮምፒውተር የተሰናዳው 8.5 ለ 1 ለሚጨምቅ ሞተር ነው፤ የእርስዎ ብሎክ 9.4 ለ 1 ይጨምቃል። የእሳት ሰንጠረዡን ሳያስቀንሱ ቢገጥሙት ማንኳኳቱን ያብሱታል እንጂ አያስቀሩትም። በዚያ ላይ የስርቆት መከላከያው ኮምፒውተሩን ካልተዋወቀው ሞተሩ ላይነሳ ይችላል። ካምቢዮውም አንድ አይደለም፤ ጂቲፒው የመጨረሻ ጥርሱ 2.93 የሆነውን ጠንካራውን 4ቲ65-ኢ ኤችዲ ይጠቀማል፣ የእርስዎ ግን 3.05 ሳይሆን አይቀርም፤ ስለዚህ ይህም በፕሮግራሙ መስተካከል ነበረበት። ኮምፒውተር መለወጥ ፕሮግራም ከማስተካከል አያድንም፣ ወጪ ብቻ ይጨምራል።

አንድ ነገር ልጠይቅ፦ የግፊት ማለፊያውን ቫልቭ በምን አገናኙት? የኤል36 ፕሮግራም የቫልቩን ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ መቆጣጠሪያውን) አያውቀውም። ብዙዎች ሶሌኖይዱን ትተው የቫልቩን ቱቦ በቀጥታ ከቫኪዩም ጋር ያገናኙታል፤ ያ ይሠራል።

የሬጋል ባለቤት

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ማለፊያው ቫልቭ በቀጥታ ከቫኪዩም ጋር ነው የተገናኘው። ንባቡን ዛሬ ጠዋት ወሰድኩ፦ በ5,000 ዙር 22 ሚሊሰከንድ። ከዚያ ማከፋፈያ ቱቦውን አንስቼ ሳይ ኢንጀክተሮቹ የራሴ የድሮዎቹ ናቸው። ለካ ሻጩ ቱቦውን ባዶውን ነበር የሰጠኝ፤ እኔም በሥራ ብዛት የነበሩኝን ስድስቱን መልሼ ሰክቼባቸው ረስቼዋለሁ። ፕሮግራም ያደረገልኝም ሰው ምን ኢንጀክተር እንደገጠምኩ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ቴስታታ

እንግዲህ ነገሩ ተገኘ። ከ24 ውስጥ 22 ማለት 92 በመቶ ገደማ ነው። ዳላስ ላይ ሌላ 20 በመቶ ሲጠየቅ 26 ሚሊሰከንድ ያህል ያስፈልግ ነበር፤ ይህን ያህል ጊዜ ደግሞ የለም። ኮምፒውተሩ በትክክል ያዝዝ ነበር፤ ኢንጀክተሩ ነው አልችል ያለው።

ባለ 36ቱን ስድስት ኢንጀክተሮች ይግጠሙ፤ ነገር ግን የኢንጀክተር ሰንጠረዡ በፕሮግራሙ ሳይቀየር ሞተሩን አያስነሱ። ኮምፒውተሩ አሁንም 22 መስለውት ከረጨ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ የፒ0172 ኮድም ይመጣል። ለፕሮግራመሩ የኢንጀክተሩን ቁጥር፣ የ9.4 መጭመቂያውንና የፑሊውን መጠን በጽሑፍ ይላኩለት። ካንዴላውንም አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ በሆነ (ሙቀቱን ቶሎ በሚያስወጣ) ይለውጡት።

ከዚያ አውሮራ ላይ ያንኑ ንባብ ይድገሙ። ስሌቱ ከ13 እስከ 14 ሚሊሰከንድ እንደሚያሳይ ይነግረኛል። ከ16 ካለፈ ወደ ዳላስ አይውረዱ፤ ምክንያቱም እዚያ ከ19 ያልፍና ከ24ቱ ለመጠባበቂያ መተው ያለበት 20 በመቶ ይነካል። ያን ጊዜ የነዳጅ ፓምፑን ግፊት በጌጅ እንለካለን።